የቤታችን ዋይፋይ ማታ ማታ የሚንቀራፈፈው ለምን ነበር?

በጅማ ሄርማታ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን የዋይፋይ ፍጥነት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እጅግ ስለሚቀንስ፣ ለሁለት ወራት ያህል ጥፋቱን በአገልግሎት ሰጪው ላይ ስናላክክ ቆይተናል። ላፕቶፔን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ በዚያው ሰዓት ስለካው ግን የምንከፍልበት 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ሳይጓደል ደረሰኝ፤ ስለዚህ ችግሩ ከመስመሩ ሳይሆን ከዋይፋዩ መሆኑ ታወቀ።

በስልኬ ላይ የዋይፋይ መመርመሪያ መተግበሪያ ጭኜ ስመለከት፣ በአካባቢያችን ከሚታዩት 14 ኔትወርኮች የእኛን ጨምሮ 9ኙ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ቻናል 6 (ሞገዱ ከሚከፋፈልባቸው መስመሮች አንዱ) ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። ግቢያችን ለተማሪዎች በሚከራዩ ክፍሎች የተከበበ በመሆኑና ተማሪዎቹም ማታ ስለሚሰባሰቡ፣ የሰዓቱ ነገር ወዲያው ገባኝ። በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ፣ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፍቼ ቻናሉን ከአውቶማቲክ ወደ 11 ቀየርኩት፤ ስፋቱንም ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ አደረግሁት። ስፋት መቀነስ ፍጥነት መቀነስ ስለሚመስል አመንትቼ ነበር፤ ሆኖም በተጨናነቀ ሰፈር ሰፊ ቻናል የጎረቤትን ጫጫታ አብሮ ይሰበስባል።

ራውተሩ ደግሞ ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተሸሽጎ ነበር (እናቴ ገመድ ሲታይ አይወዱም)፤ አስፈቅጄ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ቴሌቪዥኑንም ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛወርኩት፤ ይህ ሞገድ ግድግዳ ማለፍ ቢከብደውም ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ትናንት ማታ በ2 ሰዓት ከመኝታ ክፍሌ ስለካ፣ ቀድሞ 1.5 የማይሞላው ፍጥነት 9.4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ደርሷል።