ሶሎዬ ለምን ከትዝታው ጋር ይጣላ ነበር?

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሙዚቃ እንለማመዳለን፤ እኔ ጊታር እጫወታለሁ። ብቻዬን ስጫወት ደህና ነኝ። ትዝታ ማይነር የሚባለውን ቅኝት ጀምረን ሶሎው፣ ማለትም ጊታሩ ጎልቶ የሚወጣበት ቦታ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ዘፋኟ ፊቷን ታጨማድዳለች። ወር ሙሉ ጊታሩን ወቀስኩ። ክርም ቀየርኩ፤ ብሬ ነው የቀለጠው።

ጥፋቱን ያገኙት ክራር የሚጫወቱልን ጋሼ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ እስቲ የምትነካቸውን ድምፆች አንድ በአንድ አሰማኝ» አሉኝ። ከላ ተነስቼ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ተጫወትኩ። ከኢንተርኔት የለመድኩት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው የፈረንጅ ቅኝት ነው። ትዝታ ማይነር ከላ ሲነሳ ግን ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው። ሁለቱም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ ሦስቱ የጋራ ናቸው። ለካ አንዳንዴ የሚሰምርልኝ ለዚህ ነው! ሬ ወይም ሶል ላይ ባረፍኩ ቁጥር ይበላሻል።

ሁለቱን አውጥቼ ሲንና ፋን አስገባሁ። ማወቁ ቀላል ነው፤ ጣት ግን በልማዱ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት በአንድ ክር ላይ ብቻ ተለማመድኩ። መጀመሪያ በአፌ አንጎራጉራለሁ፣ ከዚያ ያንኑ በጣቴ እፈልጋለሁ። አፌ አይሳሳትም፤ ትዝታን ከልጅነቱ ያውቀዋላ።

ሌላም ነገር ተውኩ፦ በዘፈን ላይ መደረብ። ዘፋኟ ስታዜም ዝም እላለሁ፤ ትንፋሽ ስትወስድ በሦስት አራት ድምፅ እመልስላታለሁ። የችክችካ ምት ሲመጣ አሁንም እየቀደምኩ አስቸግራለሁ፤ ለጊዜው ምቱን በእግሬ እየያዝኩ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሶሎው ላይ ዘፋኟ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። ሌላውን ቅኝት፣ አምባሰልን፣ ገና አልደፈርኩትም።