ብሬከሩ ሲወርድ፣ ሶኬቱ ሲግል

ብሬከር ሲወርድ የብዙ ሰው እጅ ሳያስብ መልሶ ያነሳዋል። አንድ ጊዜ ማንሳት ክፋት የለውም። ከዚያ በፊት ግን አስታውሱ፤ የወረደው ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? መንስኤውን ግማሽ በግማሽ የሚነግራችሁ ይህ ነው።

ቆይቶ ከወረደ

ጥቂት ደቂቃ በሰላም ሠርቶ ድንገት ከጠፋ፣ ችግሩ የጭነት ብዛት ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት የሚሸከመው 3,520 ዋት ገደማ ነው። 2,500 ዋት ምድጃ፣ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያና 1,500 ዋት ካውያ በአንድ መስመር ላይ ቢሰኩ 27 አምፔር ይጠይቃሉ። መፍትሄው ጭነቱን ለያይቶ በተለያየ መስመር መሰካት ወይም በየተራ መጠቀም ነው።

«ብሬከሩን በትልቅ ልቀይርላችሁ» የሚል ሰው ከመጣ በትህትና ሸኙት። ብሬከሩ የተመረጠው በሽቦው ውፍረት ልክ ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ካደገ፣ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። የተቃጠለ ፊውዝን በመዳብ ክር መተካትም ያው ነው።

ወዲያው ከወረደ

ገና ስታነሱት «ጧ» ብሎ ከተመለሰ ኮንታክት አለ። ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራሉ (የሚመልሰው ሽቦ) በመካከላቸው ሥራ የሚሠራ ዕቃ ሳይኖር ተነካክተዋል ማለት ነው፤ በቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊያልፍ ይችላል። ደጋግማችሁ አታንሱት። በዚያ መስመር ላይ ያለውን ስፒና ሁሉ ንቀሉ፣ መብራቶቹንም አጥፉ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አንሱት።

ብሬከሩ ሳይወርድ ከቆየ ጥፋተኛው አንድ ዕቃ ነው። አንድ በአንድ እየሰካችሁ አብሩ፤ ብሬከሩን የሚያወርደው ራሱን ያጋልጣል። ያንን ዕቃ ከነቀላችሁ በኋላ ገመዱን ተመልከቱ። ካውያ ከሆነ፣ ገመዱ ወደ እጀታው የሚገባበትን አንገት ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት። ሁልጊዜ የሚታጠፈው እዚያ ነው፤ ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውስጥም መዳቡ ብልጭ ሲል ይታያል። ናስትሮ ጠምጥሞ መቀጠል ጥገና አይባልም፤ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር።

ሁሉም ተነቅሎ ብሬከሩ አሁንም ከወረደ፣ ብልሽቱ በሽቦው፣ በሶኬቱ ወይም በአምፖል መያዣው ውስጥ ነው። እንደወረደ ተዉትና ባለሙያ ጥሩ። በቅርቡ ግድግዳ ላይ ምስማር ከመታችሁ፣ ወይም ጣሪያው ካፈሰሰ ንገሩት፤ የግማሽ ቀን ፍለጋ ታሳጥሩለታላችሁ።

ብሬከሩ ሳይወርድ ሶኬቱ ከጋለ

እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው፤ ድምፅ የለውምና። ብሬከር የሚመለከተው የሚያልፈውን የአምፔር መጠን እንጂ የሶኬቱን ትኩሳት አይደለም። ሶኬቱ ውስጥ ያለ ብሎን ሲላላ ወይም ስፒናውን የሚይዘው ብረት ሲሰፋ፣ ግንኙነቱ ጠባብ ይሆንና በዚያች ነጥብ ላይ ሙቀት ይከማቻል። ስፒናውን ስትነቅሉ አንዱ እግር ጠቁሮ፣ የሶኬቱ ፊት ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዳንዴ ቀድሞ የሚመጣው ሽታው ነው፤ ያረረ ዓሣ የሚመስል፣ ከምግብ ማብሰያው የማይመጣ ሽታ።

መጠቀም አቁሙና ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ሶኬቱን የሚቀይረው ሰው ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጥ፤ የተቃጠለውንም የሽቦ ጫፍ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቁረጠው። ስፒናውም አብሮ ይቀየር፤ የጠቆረ እግር አዲሱን ሶኬት በጥቂት ጊዜ ያበላሸዋል።

ዕቃው ሲነካ ከነዘረ

ፌዙ ወደ ብረቱ አካል እየፈሰሰ ነው፤ የመሬት ሽቦውም ወይ የለም ወይ ተቋርጧል። በእርጥብ እጅ ወይም በባዶ እግር እንደገና «ልሞክረው» አትበሉ። ከተቻለ ብሬከሩን አውርዳችሁ ዕቃውን ንቀሉ። ባለሙያው የመሬት መስመሩን ሲያስተካክል፣ በ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ኃይሉን የሚያቋርጥ መከላከያም እንዲገጥም ጠይቁት።

አንዱ አምፖል ሲደክም ሌላው ከልክ በላይ ከበራ

ኒውትራሉ ላልቶ ወይም ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ቮልቴጁ ስለሚዛባ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ይቃጠላሉ። ዋናውን ብሬከር ወዲያው አውርዱ፤ ባለሙያ እስኪመጣ አታንሱት።

እሳት ከተነሳ

ኃይሉ ሳይቋረጥ ውሃ አትርጩ፤ ውሃ ኤሌክትሪክን ወደ እናንተ ያመጣል። ዋናው ብሬከር ያለ አደጋ የሚደረስበት ከሆነ አውርዱት፤ ትንሽ እሳት ከሆነ በደረቅ ኬሚካል ዱቄት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የእሳት ማጥፊያ አጥፉ። ጭሱ ከበዛ ዕቃውን ትታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ውጡ፤ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ከውጭ ደውሉ።