የጨዋማ ረግረግ ዕፅዋት ከባድ ብረቶችን በደለል ውስጥ እንዴት እንደሚይዙ ለመመርመር

ከፖርቱጋል ዋና ከተማ ከሊዝበን ፊት ለፊት፣ የታጉስ ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ከመግባቱ በፊት በሚሰፋበት ስፍራ፣ የባሕር ውኃ በየቀኑ እየመጣ የሚያለብሰው ጨዋማ ረግረግ አለ። በባሬሮ ከተማ የነበሩት የኬሚካል ፋብሪካዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የለቀቋቸው እርሳስ፣ ዚንክና ሌሎች ከባድ ብረቶች በዚያ አካባቢ ደለል ውስጥ ዛሬም ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ የዕፅዋቱን ድርሻ ማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ ቅጠል ለመቁረጥ ይቸኩላል፤ ዋናው ነገር ያለው ግን ከመሬት በታች፣ በሥሩ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት ቦታዎችን ይምረጡ፦ አንዱ ስፓርቲና የተባለው ሣር የበቀለበት፣ ሌላው ምንም ያልበቀለበት ጭቃ ይሁን። ሥራው የሚከናወነው የባሕሩ ውኃ ሲሸሽ ስለሆነ የሚመለስበትን ሰዓት አስቀድመው ይወቁ። ጭቃው እግር ይይዛልና ብቻዎን አይሂዱ።

ከዚያም የፕላስቲክ ቱቦ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ጭቃው አስገብተው ናሙናውን ያውጡ። የብረት ቱቦ ሊለካ የታሰበውን ነገር ራሱ ሊጨምርበት ይችላል።

ናሙናውን ለሁለት ሲሰነጥቁት ጠቆር ያለ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጭቃ ያገኛሉ፤ በመካከሉ ግን ሥሮችን የከበበ የዝገት ቀለበት ይታያል። ተክሉ በውስጡ ባሉት የአየር ቦዮች ኦክስጅን ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ ከሥሩ የሚያመልጠው ኦክስጅንም በጭቃው ውኃ የሟሟውን ተራ ብረት (አይረን) ያዝገዋል፤ ዝገቱ ደግሞ እርሳስን፣ ዚንክንና አርሰኒክን በላዩ ይይዛል። በታጉስ ረግረግ ይህ ዝገት ጠጥሮ ሥሩን እንደ ቧንቧ እስከ መሸፈን ይደርሳል። ይሁን እንጂ ያው ኦክስጅን ከድኝ ጋር ተጣብቀው የተቀመጡ ብረቶችን ሊፈታም ይችላል፤ ስለዚህ ተክል ሁልጊዜ ያጠራቅማል ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። ጥቁሩ ጭቃ አየር ሲያገኘው ቀለሙ ስለሚለወጥ ፎቶግራፉን ወዲያውኑ ያንሡ።

ቀጥሎ ሥሩን፣ ከሥሩ ጋር የተጣበቀውን ጭቃና ራቅ ያለውን ጭቃ በፕላስቲክ ወረንጦ ለይተው ለየብቻ ያስቀምጡ። ሜርኩሪ በሙቀት ስለሚተን ማድረቂያው ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ ይመረጣል። በአሲድ ማሟሟቱንና መለካቱን ለላቦራቶሪ ባለሙያ ይተዉ፤ አሉሚኒየምም አብሮ እንዲለካ ግን ይጠይቁ።

ብዙዎች የሚዘልሉት ይህንኑ ነው። ሣሩ የውኃውን ፍጥነት ስለሚቀንስ ደቃቅ ሸክላ በሥሩ ሥር ይረጋል፣ ደቃቅ ሸክላም በራሱ ከባድ ብረቶችን ይይዛል። የእያንዳንዱን ከባድ ብረት መጠን የሸክላውን ብዛት ለሚያመለክተው አሉሚኒየም ካላካፈሉት የሸክላውን ሥራ ለሥሩ ይሰጡታል።

ቅጠሉ የሚመረመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የደረቀውና የወደቀውም ጭምር ይሰብሰብ። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ረግረጎች አንድ የስፓርቲና ዝርያ ከሸንበቆ ይልቅ ብዙ ከባድ ብረት ወደ ቅጠሉ እንደሚያወጣ ታይቷል፤ ቅጠሉ ሲረግፍም ብረቱ ከውኃው ጋር ከረግረጉ ሊወጣ ይችላል።