ከሣር መልስ ቁርጭምጭሚትና ወገብ ሲያሳክክ፦ የቺገር ንክሻ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ማታ ላይ የሚነሳ፣ ልብስ በሚጠብቅበት ቦታ የሚበረታ ማሳከክ

ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ውላችሁ ስትገቡ ደህና ነበራችሁ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የካልሲው ጫፍ፣ የቀበቶው ዙሪያ፣ የጉልበት ጀርባ ወይም ብሽሽት ማሳከክ ይጀምራል። ትንንሽ ቀይ እብጠቶች ይወጣሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ይብሳል።

ምክንያቱ ቺገር ሳይሆን አይቀርም። ቺገር የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ የሆነ የአንድ ተባይ እጭ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ባለ 6 እግር፣ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በዓይን አይያዝም ማለት ይቻላል። ከሣሩ ወደ እግር ይሻገርና ልብስ ጠበቅ የሚልበት ወይም ቆዳው የሳሳበት ቦታ እስኪደርስ ይጓዛል፣ እዚያ ይነክሳል። ደም አይመጥም። ምራቁ ቆዳውን ያሟሟዋል፣ እሱ ያንን ይመገባል፤ የሚያሳክከን ደግሞ ሰውነታችን ለዚያ ምራቅ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ብዙ ሰው «ቆዳዬ ውስጥ ተቀብሯል» ብሎ የጥፍር ቀለም ይቀባበታል፣ አንዳንዱም ነጭ ጋዝና በረኪና ድረስ ይሄዳል። እባካችሁ ተዉት። ቺገር እንደ ሙጃሌ ቆዳ ውስጥ አይገባም፣ ማሳከኩ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ረግፎ ሄዷል። የሌለ ተባይ አፍኖ መግደል አይቻልም፣ የሚቃጠለው የእናንተ ቆዳ ነው።

መፍትሄው ማሳከኩን ማስታገስ ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ በደንብ ታጠቡ፣ የቀረ ካለ ይረግፋል። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ካላማይን ሎሽን ወይም 1% ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት (ቆስሎ የተከፈተ ቦታ ላይ ግን አይቀባም)። እንቅልፍ ከነሳችሁ እንደ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ያለ የአለርጂ ኪኒን ይረዳል፤ ለሕፃን ከሆነ መጠኑን ፋርማሲ ጠይቁ። ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ምክንያቱም ቁስል የሚያመጣው በአብዛኛው እከካው ነው። ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ በጣም ይጠናል፣ ከዚያ ቀስ እያለ በ1 ወይም 2 ሳምንት ይጠፋል።

ችግር፦ ሳምንታት አለፉ፣ አሁንም ያሳክካል

እንግዲያው ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ጣት መሃል ከሆነ፣ ሌሊት ከባሰና ቤተሰቡም ማከክ ከጀመረ እከክ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ስትነሱ አዲስ ንክሻ ካለ አልጋውን ለትኋን ፈትሹት። ቺገር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ችግር፦ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ትኩሳት

ይሄ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው፣ ቁስሉ ኢንፌክሽን ይዞ ይሆናል። በእስያና በፓስፊክ አካባቢ አንዳንድ ቺገሮች ስክረብ ታይፈስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋሉ። እዚያ ቆይታችሁ በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የተነከሳችሁበት ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ከመጣ ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሩት፤ በጊዜ ከተያዘ ዶክሲሳይክሊን በሚባል አንቲባዮቲክ ይድናል። ወንድ ልጅ ብልቱ አካባቢ ተነክሶ ካበጠና መሽናት ካቃተውም ቀጠሮ አትጠብቁ።

ችግር፦ በወጣሁ ቁጥር ይነክሰኛል

አለባበስን እዩ። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ያምራል አልልም፣ ግን ይሠራል። ከ20 እስከ 30% ዲኢኢቲ (DEET፣ ተባይ የሚያባርር ኬሚካል) ያለው መከላከያ ቆዳና ካልሲ ላይ፣ 0.5% ፐርሜትሪን የሚባል ተባይ ገዳይ ደግሞ ልብስና ጫማ ላይ ብቻ ንፉ፤ ፐርሜትሪን ቆዳ ላይ አይደረግም፣ ልብሱ ሳይደርቅም አይለበስም፣ እርጥብ ሳለ ድመት አታስጠጉበት፣ ይመርዛታል። በመንገዱ መሃል ሂዱ፣ ሣር ላይ በባዶው አትቀመጡ። እንደገባችሁ ታጠቡ፣ ቺገሩ ቦታ እየፈለገ ሲዞር የምታገኙት ያኔ ነው። ታጥባችሁ ያንኑ ሱሪ መልሳችሁ ከለበሳችሁ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፣ ልብሱ ላይ የቀረው ገና አልነከሰም፤ በሙቅ ውሃ ይታጠብ።