የቤታችሁ ውሃ መስመር ተበላሽቶ እንደሆነ ሳይፈነዳ በፊት እንዴት ታውቃላችሁ

ብዙ ሰው መስመሩ መበላሸቱን የሚያውቀው ወይ ግቢው ጨቅይቶ ወይ ቢሉ አስደንግጦት ነው፣ እኛ አዲስ አበባ መሀል ከተማ ያለን ሰዎች ደግሞ ነገሩን የሚደብቅብን ፈረቃው ነው። ውሃ በሌለበት ቀን የተሰነጠቀው ቧንቧ ዝም ይላል መሬቱም ይደርቃል እኛም ሰላም ነው ብለን እናልፋለን። ስለዚ ፍተሻው መደረግ ያለበት ውሃ የመጣ ቀን ነው፣ ያውም ማታ ሰው ከተኛ በኋላ፣ ምክንያቱም ሰፈሩ መቅዳት ሲያቆም ግፊቱ ከፍ ስለሚል በቀን የማይታየው ቀዳዳ ያን ሰዓት ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሂዱ። አብዛኛው ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኪዩብ ናቸው፣ 1 ሜትር ኪዩብ ማለት 1000 ሊትር ነው፣ በባለ 20ው ጀሪካን 50 ጀሪካን ማለት ነው። ከቁጥሮቹ አጠገብ ትንሽዬ ሶስት ማዕዘን ወይ ኮከብ የምትመስል ነገር አለች፣ እሷን ነው የምንፈልጋት፣ በጣም ትንሽ ውሃ ቢያልፍ ራሱ ትዞራለች። የቤቱን ቧንቧ በሙሉ ዝጉ፣ የሽንት ቤቱ ታንከር ሞልቶ እስኪያቆም ጠብቁ፣ ሮቶ ካላችሁ ደሞ የሮቶውን መግቢያ ዝጉ (ይሄን ብዙ ሰው ይረሳና ሮቶው እየሞላ ቆጣሪው ዞረ ብሎ ይደነግጣል)። ከዛ በስልክ መብራት ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ድገሙት። ምንም ሳይከፈት ቁጥሩ ከተቀየረ ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው በቃ። አንድ ነገር ግን፣ ውሃው ገና እንደመጣ አትፈትሹ፣ ባዶ የነበረው መስመር ውስጥ ያለው አየር እየተገፋ ቆጣሪውን ያዞረዋል፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው ቀጥ ብሎ መውረድ ሲጀምር ነው ትክክለኛው ሰዓት።

ቆጣሪው ከዞረ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ዝጉት። ሲዘጋ መዞሩን ካቆመ ችግሩ ከቫልቩ ወዲህ ወደ ቤት ባለው መስመር ላይ ነው፣ ተዘግቶም ከዞረ ወይ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም ወይ በቆጣሪውና በቫልቩ መሀል ያፈሳል።

አራት ኪሎ እና ፒያሳ አካባቢ እንደነበሩት ዓይነት የድሮ ግቢዎች ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ አንድ ቆጣሪ ለብዙ አባወራ ስለሆነ ቢል ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎረቤት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ልብስ አጣቢዋ ናት ያበዛችው ተብሎ ሰው እስከመኮራረፍ ደርሶ ነበር፣ በኋላ ሲቆፈር የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ስር ያለው የብረት ቧንቧ ክርኑ (መታጠፊያው) ላይ ጥርሱ (ለመግጠም የሚወጣለት ክር) በዝገት ተበልቶ አልቋል፣ ጣት ሲነካው ይፈረፈራል፣ እዛ ቦታ ሁሌ ውሃ ስለሚደፋ እርጥበቱን ማንም ልብ አላለውም። የድሮ ብረት ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሚበላው መጋጠሚያው ላይ ነው፣ ጥርስ ሲወጣለት ውፍረቱም ስለሚቀንስ ሽፋኑም ስለሚነሳ። ስለዚ እባካችሁ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ሁሉም ቤት ዘግቶ አብራችሁ ቆጣሪውን እዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እኔ ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ጤናው ነው። ውሃ ሲጠፋ መስመሩ ውስጥ ግፊት አይኖርም፣ እንዲያውም ወደታች ሲወርድ ወደ ውስጥ ይስባል፣ በዛ ሰዓት ቧንቧው የተቀደደው የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይ የፍሳሽ ቦይ አጠገብ ከሆነ ቆሻሻውን ያስገባል። ውሃ እንደመጣ ለትንሽ ደቂቃ ቢደፈርስ የተለመደ ነው፣ ካልጠራ ግን ወይም ሽታ ካለው ወይም የጎረቤት ጠርቶ የናንተ ብቻ አፈር እና አሸዋ ይዞ ከመጣ የናንተ መስመር ተቀዷል ብላችሁ አስቡ። እስኪጠገን ለመጠጥ አታውሉት፣ ሌላ ከሌለ አስቀምጡት ይጥለል፣ በንፁህ ጨርቅ አጥሉትና አፍሉት፣ አዲስ አበባ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆይ። በተለይ ህፃን ያለበት ቤት።

ግፊቱ ከቀነሰም ጎረቤት ጠይቁ፣ የሁሉም ከቀነሰ የሰፈሩ መስመር ነው፣ የናንተ ብቻ ከሆነ መስመራችሁን ፈትሹ። ማታ ጆሮአችሁን ግድግዳው ላይ ስታስጠጉ ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ ቀለሙ ማበጥ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር መውጣት፣ በጋ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ሳሩ መለምለም፣ ሴራሚኩ መሞቅ (ይሄ የሙቅ ውሃ መስመር ነው) ሁሉም ምልክት ነው። ክረምት ላይ ግን እርጥበት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ከጣራም ሊሆን ይችላል። የጭቃ ቤት ከሆነ ግን አትጠብቁ፣ እንጨቱ ከስር ይበሰብሳል። እርጥበቱ ሶኬት አጠገብ ከደረሰ ብሬከሩን አውርዱ፣ ግድግዳውንም አትንኩት።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደሞ ከሮቶው እና ከሽንት ቤቱ ጀምሩ። ሮቶውን መግቢያውንም መውጫውንም ዝጉና የውሃውን ልክ ምልክት አድርጉ፣ ጠዋት ከወረደ ሮቶው ራሱ ነው፣ ካልወረደ በሚቀጥለው ማታ መውጫውን ብቻ ከፍታችሁ ድገሙት፣ ያኔ ከወረደ የቤቱ መስመር ወይ ሽንት ቤቱ ነው። ሽንት ቤቱን ለመለየት ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩ፣ ፍላሽ ሳታደርጉ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ ታንከሩ ስር ውሃውን የሚዘጋው ላስቲክ ነው፣ እሱ በርካሽ የሚቀየር ነገር ነው።

ከቆጣሪው በፊት ያለ መስመር ከሆነ የውሃና ፍሳሽ ሥራ ነው፣ 906 ደውሉ ወይ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ራሳችሁ እንዳትነኩት። መንገድ ሲቆፈር የነበረበት ሰፈር ከሆነ ደሞ ቁፋሮው የት ጋ እንደነበር ንገሯቸው። ከቆጣሪው ወዲህ ከሆነ የራሳችሁ ነው፣ ቧንቧ ሠራተኛ እስኪመጣ የጎማ ከመነዳሪ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ለአንድ ለሁለት ቀን ያቆየዋል፣ ከዛ በላይ ግን አትተዉት። የተበላው ብረት ከሆነ ቀዳዳዋን ብቻ ሳይሆን ግራ ቀኙንም አስቀይሩ፣ ያለበለዚያ አጠገቡ ይቀጥላል።

ሠራተኛው ጨርሻለሁ ብሎ ጉድጓዱን ሊደፍን ሲል እንዳትፈቅዱለት፣ ውሃው እስኪመጣና ግፊት እስኪያገኝ ክፍት ይቆይ፣ ማታ መጋጠሚያውን በሶፍት ጠቅልላችሁ እዩት፣ ሶፍቱ ደርቆ ካደረ ይደፈን።