ኩፔ ኤስዩቪ ልትገዙ ነው? ረጅም ሰው ይዛችሁ ሂዱ

ኩፔ ኤስዩቪ ማለት ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ከፍ ያለች መኪና ናት። መኪናዋን ለማየት ብቻችሁን አትሂዱ። ቁመቱ ዘለግ ያለ ሰው ውሰዱና ከኋላ አስቀምጡት።

እኔ የወሰድኩት አጎቴን ነው። የመንዝ ሰው ነው፣ በርኖሱን እንደደረበ መጣ። ገና ሲቀመጥ ባርኔጣው ጣሪያውን ነካ። «ይቺ የተሠራችው ለፊተኞቹ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ። አልተሳሳተም። ጣሪያው ወደ ኋላ ሲያዘቀዝቅ የሚጎዳው የኋላ ተሳፋሪ ነው። ቅርጹን ያስለመደው ቢኤምደብሊው ኤክስ 6 እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ከኋላ የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነበር።

የዕቃ መጫኛውንም በሊትር ቁጥር አትመኑ። የገብስ ኩንታል አጋድማችሁ ትጭናላችሁ። ቆሞ የሚሄድ ነገር ግን ያዘቀዘቀው የኋላ መስታወት ያስቸግረዋል። የበዓል በግማ አይታሰብም!

የኋላ መስታወቱ ራሱ ጠባብ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ የኋላ ዝናብ መጥረጊያ የላቸውም። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ያኔ ይገባችኋል።

ቁመናዋ ልብ ትሰርቃለች፣ አልክድም። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ምን ችግር አለው? እኔ ግን ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ይዤ ነው የምመላለሰው። ጣሪያው ቀጥ ያለውን ገዛሁ።