ግራ እግር ብቻ ሲያብጥ «ብርድ ነው» አይባልም

ፒያሳ አካባቢ በአዋላጅነት ስሠራ የነፍሰ ጡር እግር አይቼ አልጠግብም። አብዛኛው እብጠት ቀላል ነው።

ሁለቱም እግር ማታ እኩል አብጦ ጠዋት ከጎደለ፣ ማህፀን ደም መልሱን (ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ሥር) ተጭኖት ነው። እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ በጎንሽ ተኚ። በጀርባሽ ስትተኚ ካዞረሽም ሰበቡ ያው ነው፤ ወደ ግራ ዞር በይ። ፊትና እጅ አብጦ ራስ ምታት ከታከለበት ግን ግፊትሽን ዛሬውኑ ተለኪ።

አሁን ወደሚያናድደኝ። አንድ እግር ብቻ፣ ያውም ግራው፣ ሲያብጥና ሲያም። የግራ እግር ደም መልስ ዳሌ ውስጥ የሚያልፈው የቀኙ እግር ደም ቅዳ (ደም ከልብ የሚያመጣው ሥር) ከላይ ተጭኖት ነው። ማህፀን ሲጨመርበት ደሙ መሄጃ ያጣል። እርግዝና ደግሞ በራሱ ደምን ቶሎ ያረጋል።

አንዲት የሱቅ ሠራተኛ በሰባተኛ ወሯ መጣች። በሜትር ስለካው (በዓይን አላምንም) ግራ ባቷ በ3 ሳንቲሜትር በልጧል። ሳምንት ሙሉ «ብርድ ነው» ተብላ በቅቤ ስትታሽ ከርማለች። ወጌሻም አሽቷታል! እባካችሁ፣ የረጋ ደም አይታሽም። ተነቅሎ ሳንባ ይገባል። በዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰትን በሚያሳይ ምርመራ) ሲታይ ከጭኗ እስከ ብሽሽቷ ረግቷል። ሌላዋ ደግሞ ወገቧንና መቀመጫዋን ብቻ ነበር የሚያማት። የመጀመሪያው ዶፕለር ንጹህ ነው ተባለች። በሳምንቱ ሲደገም ዳሌዋ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ ምልክቱ ካልለቀቀሽ «ይደገምልኝ» በይ።

መድኃኒቱ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የሄፓሪን ዓይነት መርፌ ነው። ወደ ጽንሱ አያልፍም። ከወሊድ በኋላም ቢያንስ 6 ሳምንት ይቀጥላል፤ «እግሬ ጎደለ» ብሎ ማቆም የለም። ምጥ ሲጀምርሽ ግን ቀጣዩን ሳትወጊ ሐኪምሽን ጠይቂ። የአክስትሽን ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚዋጥ ኪኒን) እንዳትነኪ፤ እሱ ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ ይጎዳዋልም።

መንገድ ላይ ለእግር እብጠት «የሕክምና» እየተባለ የሚሸጠው ካልሲ ባት ላይ አንቆ ቁርጭምጭሚት ላይ ይላላል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ገንዘብሽን አታባክኚ።

ከወለድሽ በኋላ አደጋው ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ በተለይ በኦፕሬሽን ከሆነ። «አራስ አትነሳም» የሚሉ እናቶቼ ይቅር ይበሉኝ፤ ገንፎው አልጋ ድረስ ይምጣ፣ እሷ ግን ተነስታ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። ውሃም ትጠጣ።

ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካሳላት ወደ አምቡላንስ 907 ደውሉ። ታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳታቆሟት።